ለአሥራ ሁለት ሰዓት እንግዳ፦ ከቱም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ
ለቱሪዝም ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ

ጉዳዩ፦ ቦሌ ላይ ረጅም ሰዓት ለሚቆዩ የትራንዚት መንገደኞች የከተማ ጉብኝት ሥርዓት እንዲዘረጋላቸው ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ይህን የምጽፈው ከቱም ነው፤ ምዕራብ ኦሞ ዞን፣ ማጂ ወረዳ። ነገሩ የአዲስ አበባ ስለሆነ «ይሄ ሰውዬ ምን ቤት ነው?» ማለታችሁ አይቀርም። ሥራዬ እንግዳ መምራት ነው። ወደ ሱሪ፣ ወደ ኦሞ ብሔራዊ ፓርክ፣ አልፎ አልፎም ወደ ጌሻ ጫካ የሚሄድ ሰው በዚህ ሲያልፍ አብሬው እሄዳለሁ። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን ስንጫወት ከብዙዎቹ አፍ የምሰማው ተመሳሳይ ነው። ከዚህ ቀደም ወደ ኬፕታውን ወይ ወደ ዛንዚባር ሲሄዱ በአዲስ አበባ አልፈዋል። ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት ውስጥ ውለዋል። ከተማዋን ያዩት ግን በመስታወት ነው። አንዱ መውጣት እንደሚቻል ጨርሶ አላሰበም። ሌላው መውጣት እንደሚቻል ያውቃል፤ በስንት ሰዓት የት ደርሶ እንደሚመለስ ስላላወቀ አውሮፕላን ያመልጠኛል ብሎ ፈርቶ ቀርቷል።

እዚህ ድረስ የመጡት እንግዶቼ ዕድለኞቹ ናቸው፤ ሌላ ጊዜ ተመልሰው መጥተዋል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፉኝ ያልተመለሱት ናቸው።

እኛ ቱሞች ስለ አውሮፕላን ማውራት ያምርብናል። ዛሬ ከዚህ ሚዛን ተፈሪ ለመድረስ፣ ክረምት ከሆነ፣ ጭቃው እንደፈቀደ ነው፤ ከሚዛን ደግሞ በቦንጋና በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ ለመግባት 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። በአያቶቻችን ጊዜ ግን የአየር መንገዱ ዳኮታዎች ከማጂ ተራራ ሥር ያለው ሜዳችን ላይ ያርፉ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ ከሜዳው ላይ ከብት ማባረር የልጆች ሥራ እንደነበር ሽማግሌዎቹ ዛሬም እየሳቁ ያወራሉ። ቱም በዓለም የኤርፖርቶች መዝገብ ውስጥ አሁንም ቲ ዩ ጄ የሚባል የራሷ ሦስት ፊደል አላት፤ ቴፒና ሚዛን ተፈሪም እንዲሁ። መዝገቡ አልረሳንም ለማለት ያህል ነው እንጂ በረራ ይጀመርልን የሚል አቤቱታ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የለም። እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ነው።

አሁን ወደ ቦሌ። ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ የአየር መንገዱን አሠራር ላያውቅ ስለሚችል በአጭሩ ልበል። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከእስያ ሲበሩ ያደሩት አውሮፕላኖች ማለዳ ይገባሉ፤ ረፋዱ ላይ ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ይነሣሉ። አመሻሽ ላይ የአፍሪካዎቹ ይመለሳሉ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት አልፎ ደግሞ ወደ ሌላው ዓለም ይበተናሉ። ኮኔክሽኑ የገጠመለት ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀይሮ ይሄዳል። ያልገጠመለት፣ ወይም ዋጋው ስለረከሰለት ያንን ትኬት የቆረጠ፣ ማለዳ ወርዶ እስከ ሌሊት ይጠብቃል። በ2016 በጀት ዓመት አየር መንገዱ ያጓጓዘው ሕዝብ ከ17 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ከዓለም አቀፍ መንገደኞቹ ትልቁ ድርሻ በቦሌ አልፎ ሂያጅ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት ጥቂቱ ቢሆኑ እንኳ፣ በዓመት ወደ ደቡብ ምዕራብ ከሚመጣው ቱሪስት ጋር አይወዳደሩም።

የተሠራውን አልክድም። የትራንዚት ሆቴል አገልግሎት አለ። ስካይላይት ሆቴል በጥር 2011 በ373 ክፍል ተከፍቶ ዛሬ ከሺህ በላይ ክፍል ይዟል፤ ከተርሚናሉም አፍንጫ ሥር ነው። የአየር መንገዱ የጉዞ ክንፍ ኢቲ ሆሊዴይስም የጉብኝት ጥቅል ይሸጣል። ጥቅል ግን ቀድሞ ላሰበበት ሰው ነው። እኔ የምለው ስላላሰበው ሰው ነው፤ ትኬቱን ሲቆርጥ 14 ሰዓት መጠበቅ እንዳለበት አይቶ ለተነፈሰው፣ ያንንም ቀን ከወዲሁ የሞተ ቀን አድርጎ ለቆጠረው።

ሌሎች አገሮች ይህን ቀን አትርፈውበታል። የሲንጋፖሩ ቻንጊ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል የሚቆይ መንገደኛን በነፃ አውቶቡስ ከተማ ያዞራል። የቱርክ አየር መንገድ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ኢስታንቡል ለሚቆይ መንገደኛው ጉብኝቱንም ምሳውንም በነፃ ይሰጣል። ሴኡልም ኢንቾን ላይ ተመሳሳይ ነገር አላት። የአይስላንድ አየር መንገድ ደግሞ ከብዙ አሥርት ዓመታት ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚሻገረውን ሰው «ጥቂት ቀን እኛ ጋ እረፍ፣ ትኬቱ አይጨምርብህም» እያለ ያቺን ብርዳም ደሴት ቱሪስት አጥለቅልቋታል። ከእነዚህ ሁሉ ቦሌ የሚበልጥበት ነገር አለ። ከተማ ውስጥ ነው። ከተርሚናሉ በር እስከ መስቀል አደባባይ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኢስታንቡል አዲሱ ኤርፖርት ከከተማው ምን ያህል እንደሚርቅ የሄደበት ያውቃል።

ይህ ብልጫ ግን የጊዜ ገደብ አለው። ቢሾፍቱ አካባቢ ለሚሠራው አዲስ ኤርፖርት የዲዛይን ውል በነሐሴ 2016 ተፈርሟል፤ ሲጠናቀቅ በዓመት 100 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሎ የታሰበ ነው። ቦታው ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ያን ጊዜ ከተማ ገብቶ መመለስ ዛሬ እንደሚመስለው ቀላል አይሆንም። ሥርዓቱን ዛሬ፣ ከተማው በእግር ሊደረስ ምንም በማይቀረው ጊዜ ካልለመድነው፣ በባቡርና በፍጥነት መንገድ ጊዜ ከባዶ ልንጀምረው ነው።

እንግዲህ ቀኑ እንዴት ሊውል ይችላል? ማለዳ 1 ሰዓት ከዋሽንግተን ገብታ ሌሊቱን ወደ ሙምባይ የምትቀጥል አንዲት መንገደኛ እናስብ። ሻንጣዋ በቀጥታ ሙምባይ ይሄዳል፤ በእጇ ያለው ትንሽ ቦርሳ ነው። የኢሚግሬሽኑ ወረፋና ሌላው ተደምሮ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ውጭ ናት እንበል። እንቅልፍ አልጠገበችም። ደግሞም ከባሕር ጠረፍ መጥታ በድንገት 2,300 ሜትር ላይ ቆማለች፤ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ቶሎ ይመታል። ይህቺን ሴት መጀመሪያ እንጦጦ የሚወስዳት አስጎብኚ ሥራውን አያውቅም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ይዘልላል፤ ባሕር ዛፉና አየሩ ለተኛ ሰው ደስ ይላል፣ ላልተኛ ሰው ራስ ምታት ነው።

ስለዚህ በብሔራዊ ሙዚየም ትጀምር። በ1967 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ እዚያ አለች፤ የሚታየው ቅጂዋ እንደሆነና ዋናው አጥንት በጥንቃቄ እንደሚቀመጥ አስጎብኚው ሳትጠይቀው ይንገራት። ፈረንጅ ኋላ ራሱ ደርሶበት ከሚናደድ አስቀድሞ እውነቱን ሲሰማ ይወዳል። ከዚያ ቁልቁል አራት ኪሎ፣ ቅድስት ሥላሴ። ለጠዋት እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። ታሪክ ወዳድ ከሆነች ከሥላሴ ይልቅ በየካቲት 2016 ፒያሳ ላይ የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ትምረጥ፤ ሁለቱንም ልያዝ ካለች ግን ሁለቱንም አታይም። መታሰቢያው ሰፊ ነው፤ ግማሽ ቀን ብቻውን ይበላል። አንድነት ፓርክም ያው ነው፤ ፍተሻውም ስፋቱም የራሱን ሰዓት ይፈልጋል። መርካቶንማ ለአሥራ ሁለት ሰዓት እንግዳ ማንም አያስጎብኝ። መርካቶ የሚወደደው ቀስ ብለው ሲጠፉበት ነው፤ አውሮፕላን ያለው ሰው ደግሞ መጥፋት አይችልም።

በስድስት ሰዓት ምሳ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የጾም በያይነቱ ሳትጠይቅ ይመጣላታል፤ ሥጋ ለማይበሉት የሕንድ መንገደኞች ከዚህ የተሻለ መስተንግዶ የትኛውም ኤርፖርት የለውም፣ እኛ ግን አውርተንበት አናውቅም። ከምሳ በኋላ ቡና። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ሆቴል፣ ሻወር፣ እንቅልፍ። ማታ 1 ሰዓት ተርሚናል። የቦሌ መንገድ ከ11 ሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል አዲስ አበቤ ያውቀዋል፤ ከዚያ በፊት ተመልሳ ኤርፖርቱ አጠገብ መተኛቷ ቀኑን ሙሉ ከሚያስጨንቃት ሐሳብ ያድናታል። የእንግዶቼን ወሬ ስሰማ ሰዉን ከኤርፖርት እንዳይወጣ የሚይዘው ይኸው የመመለሱ ሥጋት ነው። የት እንደሚሄድ የሚነግረው ሞልቷል። መቼ እንደሚመለስ፣ በምን እንደሚመለስ፣ መንገድ ቢዘጋ ማን እንደሚጠይቅለት የሚነግረው ነው የሌለው።

መንገድ መዘጋቱም ቀልድ አይደለም። በደመራ ዕለት ከሰዓት መስቀል አደባባይን ማለፍ አይታሰብም፤ በጥምቀት ወደ ጃንሜዳ የሚወስዱት መንገዶች የታቦታቱ ናቸው፤ ኅዳር ላይ የታላቁ ሩጫ ጠዋት ከተማው የሯጮች ነው። እነዚህን ቀኖች አየር መንገዱ ከዓመት በፊት ያውቃቸዋል። መንገደኛው ግን አያውቅም። በጥምቀት ቀን ለሚያልፍ ሰው «ዛሬ ሙዚየም ተወው፣ ጃንሜዳ ሂድ» የሚል አንድ መልእክት ከየትኛውም የማስታወቂያ ሰሌዳ ይበልጣል።

የሰዓቱንም ነገር ችላ አትበሉት። ትኬቷ 22፡30 ይላል፤ ለሹፌሩ ይህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። እሷ በእንግሊዝኛ «በሦስት ሰዓት ና» ብላው ማታ በ3 ሰዓት ብቅ ቢል አልዋሸም፤ እሷ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ቆማ ጠብቃለች። መንገደኛው የሚይዘው ወረቀት ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢጻፍ ወጪው ቀለም ብቻ ነው።

አሁን የምነግራችሁን ደግሞ ብዙ የጉዞ ወኪል አይናገረውም። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። በርካታ አገሮች እንዲህ ባለ አገር ኤርፖርት ከ12 ሰዓት በላይ ትራንዚት ያደረገ መንገደኛ ሲገባባቸው የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። የእኛዋ መንገደኛ ከኤርፖርት ወጥታ ከተማ ከገባች ሙምባይ ስትደርስ ካርዷን ሊሏት ይችላሉ። በሌሎች አገሮች ደግሞ ከተማ መግባት አለመግባቱ ለውጥ ላይኖረው ይችላል፤ የሰዓቱ ርዝመት ብቻውን ያስጠይቃል። ይህ ትኬት ሲቆረጥ መነገር ያለበት ነገር ነው፤ ቦሌ ላይ ሲነገር ረፍዷል፣ ሙምባይ ላይ ሲነገር ደግሞ አደጋ ነው።

ቡናውን ሆን ብዬ አቆይቼዋለሁ።

ማጂ ላይ በ1920ዎቹና በ30ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ቆንስል ይቀመጥ ነበር። ከቱም ቀና ብላችሁ የምታዩት ተራራ ላይ ማለት ነው። በ1930ዎቹ ቆንስል የነበረው ሪቻርድ ዌሊ ከጌሻ አካባቢ የቡና ዘር አስለቅሞ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ከኬንያ ታንዛንያ ተሻገረ፤ ከታንዛንያ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታሪካ የምርምር ጣቢያ ገባ፤ በ1960ዎቹ ፓናማ ደረሰ። እዚያ የቅጠል ዝገትን ይቋቋማል ተብሎ ተተከለ እንጂ ለጣዕሙ የፈለገው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2004 ኤስሜራልዳ የሚባል እርሻ ለብቻው ለቅሞ ለውድድር ሲያቀርበው ዳኞቹ ማመን አቃታቸው። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ወደ ላይ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የፓናማ ጨረታ ላይ ከዚሁ እርሻ የወጣ ጌሻ ኪሎው ከ30,000 ዶላር በላይ ተሸጧል። ገዢው የዱባይ ቡና ቤት ነው። ዱባይ ደግሞ ትራንዚት ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ የገባት ከተማ ናት።

ከቡና ሁሉ ረጅሙን ትራንዚት ያደረገው እንግዲህ የእኛው ጌሻ ነው። ስሙን ግን ሰዉ የሚያውቀው ከፓናማ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 መንግሥት ከስታርባክስ ጋር ስለ ቡና ስም ስምምነት ሲፈርም የተነሡት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ ናቸው፤ ይገባቸዋል። የበበቃ፣ የቴፒ፣ የሸኮ፣ የማጂ ስም ግን ከነጋዴው መጋዘን ብዙም አልወጣም። ጫካው በዓለም ታውቋል፤ ዩኔስኮ የከፋን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካን በ2012፣ የማጃንግን በ2017 የባዮስፌር ሥፍራ ብሎ መዝግቧቸዋል። ቦንጋ ላይ የቡና ሙዚየም ተሠርቷል። እነዚህን ለማየት ግን ቀናት ያስፈልጋሉ፤ የአሥራ ሁለት ሰዓት እንግዳ ቦንጋ አይደርስም፤ ቱምማ የት አባቱ! ስለዚህ እኛ እንምጣለት፤ ከምሳ በኋላ የቡና ጠረጴዛ ይዘርጋለት።

እዚህ ላይ የፎቶ ማንሻ የሆነውን የቡና ሥነ ሥርዓት ማለቴ እንዳልሆነ ተረዱልኝ። ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ አንዲት ልጅ ጥበብ ለብሳ፣ ጭስ ቱግ ብሎ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ አቦሉ ተቀድቶ እንግዳው የሚሸኝበት ነገር ብዙ ቦታ አለ። ቡና ሦስተኛው እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ የትራንዚት መንገደኛ ያለው ነገር ደግሞ ጊዜ ነው! አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ እስኪያልቅ ከሰዓት በላይ ይሄዳል፤ በዚያ መሐል ወሬ አለ፣ ካርታ አለ፣ ጥያቄ አለ። ለዚህ እንግዳ የቸኮለ ነገር ማሳየት ምን ይባላል?

ቡናውን ብቻም አይደለም። ቤንችና ሸኮ፣ ማጃንግም ጭምር፣ ጨሞ ይጠጣሉ። ጨሞ የሚፈላው ከቡናው ቅጠል ነው። እናቶች ቅጠሉን ምጣድ ላይ አመስ አመስ አድርገው ይወቅጡታል፤ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ አብሮ ይገባል፤ ጨው ይጨመርና በሸክላ ማሰሮ ይንተከተካል። በቅል ነው የሚቀዳው። መጀመሪያ ምላስ ላይ የሚደርሰው ጨዉ ነው፣ ከዚያ ቃሪያው፣ በመጨረሻ ጉሮሮ ላይ የቅጠሉ ምሬት ይቀራል። ለእንግዶቼ ስሰጣቸው ግማሾቹ ሾርባ ነው ይላሉ፤ አልፈርድባቸውም። ማለዳ ቡና ሳይደርስ ሰው ወደ እርሻ የሚወጣው ይህን ጠጥቶ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የቡና ቅጠል መጠጥ በገበያው እንዲሸጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቅዷል። እኛ ለመንገደኛ እስካሁን ሚሪንዳ እናቀርባለን።

እንግዳው ከወደደ ይዞ መሄድ ይፈልጋል። እዚህም ላይ ማሰብ ይጠይቃል። ይህ ሰው ሻንጣው ሄዷል፤ የሚይዘው ሁሉ በፍተሻ ያልፋል። የሸካና የከፋ ማር ከውጭ ገዝቶ ከመጣ ከ100 ሚሊ ሊትር ስለሚበልጥ ፍተሻው ላይ ይቀራል፤ ማሩ በትንንሽ ብልቃጥ ተሞልቶ መቅረብ ወይም ከፍተሻው ወዲያ መሸጥ አለበት። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ዱቄት ነገር ከ350 ሚሊ ሊትር ሲበልጥ በእጅ መያዙ ችግር ያመጣበታል፤ ስለዚህ የተፈጨ ቡና አትሽጡለት፣ ተቆልቶ ያልተፈጨውን ስጡት። ኮረሪማም እንዲሁ በፍሬው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ያላሰበ ሱቅ መንገደኛውን በር ላይ ያስለቅሰዋል።

ከረጢቱ ላይ ምን እንደሚጻፍም ልንገራችሁ። «ምርጥ የኢትዮጵያ ቡና» አትበሉ። የቀበሌውን ስም ጻፉ፤ የተለቀመበትን ወር፣ የማኅበሩን ስም፣ የመሬቱን ከፍታ። ዱባይ ላይ 30 ሺህ ዶላር የሚከፍል ሰው የሚገዛው ይህን መረጃ ነው። የእኛ ገበሬ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ የጠየቀው ግን የለም።

ገንዘቡ ወደ ማን ይሄዳል የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኔም እላለሁ። ይህ ነገር ሲጀመር ቦሌ አካባቢ ያሉ ጥቂት ድርጅቶች ይዘውት እኛ ደግሞ ፎቶ ላይ ብቻ እንዳንቀር እፈራለሁ። ጠረጴዛው በየወሩ ይዙር፤ አንድ ወር ለምዕራብ ኦሞና ለቤንች ሸኮ ማኅበራት፣ ቀጥሎ ለሸካ፣ ለከፋ፣ ከዚያ ለሌሎቹ ቡና አብቃይ አካባቢዎች። ደቡብ ምዕራብ ክልል ከተመሠረተ ከኅዳር 2014 ወዲህ የራሱ ቱሪዝም ቢሮ አለው፤ ከእናንተ ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገርበት። ስለ ክፍያም መንገደኛው ብር ለመመንዘር እንዳይሰለፍ ሁሉም ነገር በአንድ ዋጋ ትኬቱ ላይ ተጨምሮ ይከፈል።

ቪዛውን በተመለከተ፣ ለአራትና ለአምስት ሰዓት ከተማ ለሚገባ ሰው እንደ ሁለት ሳምንት ቱሪስት ተመሳሳይ ሂደት ማድረግ ብዙዎቹን ያስቀራል። በአየር መንገዱ መኪና ወጥቶ በአየር መንገዱ መኪና ለሚመለስ፣ ቦርዲንግ ፓስ በእጁ ላለ መንገደኛ ቀለል ያለ የቀን ፈቃድ ቢታሰብ ኢሚግሬሽንም የሚቆጣጠረው ያንኑ አንድ ሚኒባስ ነው።

ከዚህ ሁሉ ዘንድሮ እንዲጀመር የምጠይቀው ጥቂት ነው። 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ መንገደኛ ከትኬቱ ጋር አንድ ገጽ ይላክለት፤ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛ፣ በቻይንኛና በፖርቱጋልኛ፤ ስለ ቪዛው፣ ስለ ክትባቱ፣ ስለ በዓሉ፣ ስለ ሁለቱ ሰዓት አቆጣጠር ይንገረው። ጠዋት 3 ሰዓትና ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ከተርሚናሉ የሚነሣ፣ ሁለት ቦታ ብቻ የሚያሳይና ከሰዓት 9 ሰዓት የሚመልስ ሚኒባስ ይመደብ። ቡናው ጠረጴዛ ላይ ጌሻ የሚለው ስም ከማጂና ከቤንች ጋር ተያይዞ ይጻፍ። የቢሾፍቱው ኤርፖርት ሥራ ሳይገፋ ደግሞ ለትራንዚት ጎብኚ የሚሆን መውጫና የከተማ ባቡር ጉዳይ ይታሰብበት።

ጨሞውን የሚያፈላ ሰው ካስፈለገ ከዚህ መላክ እንችላለን። ምጣድና ማሰሮ ይዘው ይመጣሉ፤ ቅሉንም እንደዚሁ። ቅጠሉ ግን ትኩስ መሆን ስላለበት ከሚዛን ማለዳ የሚነሣ መኪና ያስፈልገዋልና በዚያ በኩል ምን ልታደርጉልን እንደምትችሉ እንድትጽፉልን እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ከቱም፣ አንድ የእንግዳ መሪ

ግልባጭ፦
ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት
ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ለምዕራብ ኦሞ ዞን አስተዳደር፣ ጀሙ